575 ዋት በአንድ ገመድ፦ የግራፊክስ ካርድ ሙቀትና ኃይል የት ደረሰ?

ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090ን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ለገበያ ባቀረበ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ የቀለጠ ኮኔክተር ፎቶ ጌመሮች ዘንድ ተዳረሰ። ጀርመናዊው የማቀዝቀዣ ባለሙያ ሮማን ሃርቱንግ፣ በዩቲዩብ ስሙ ዴርባወር፣ የቀለጠውን ካርድ መረመረ። ከዚያም የራሱን 5090 ከባድ ሥራ ሰጥቶ በየሽቦው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ለካ። ስድስቱ ሽቦዎች ሸክሙን እኩል መካፈል ሲገባቸው አንዱ ብቻውን ከ20 አምፔር በላይ ተሸክሞ ተገኘ፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው መሰኪያም በጥቂት ደቂቃዎች ወደ 150 ዲግሪ ደረሰ። ካርዱ ይህን የሚያይበት ሴንሰር ስለሌለው ስክሪኑ ላይ አንድም ማስጠንቀቂያ አልመጣም።

ስለ ግራፊክስ ካርድ ሙቀት ሲወራ ለዓመታት የሚነሳው የቺፑ ዲግሪና የፋኑ ጩኸት ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ወደ ኃይሉ ዞሯል፤ መዞሩም ተገቢ ነው። ካርዱ የሚበላው እያንዳንዱ ዋት መጨረሻው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ጂፎርስ 256 ማዘርቦርዱ ከሚሰጠው ኃይል ሌላ ገመድ አይፈልግም ነበር። የዛሬው 5090 ለብቻው 575 ዋት ይጠይቃል።

ይህን በ12 ቮልት ስናካፍለው 48 አምፔር ገደማ፣ በስድስት ፒን ስንደለድለው ደግሞ ለአንዱ 8 አምፔር ይደርሰዋል። ፒኑ የሚችለው ከ9 አምፔር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የለመድነው ባለ 8 ፒን ኮኔክተር የሚጠየቀው 150 ዋት ብቻ ስለነበር፣ እያንዳንዱ የ12 ቮልት ፒን 4 አምፔር ገደማ፣ ማለትም የአቅሙን ግማሽ ያህል ይሸከም ነበር። አንዱ ፒን ቢላላ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። በአዲሱ ኮኔክተር አንዱ ቢላላ የቀሩት ወዲያው ከአቅማቸው በላይ ይጫናሉ።

የመቅለጡ ነገር የጀመረው ከ5090 በፊት የነበረው፣ 450 ዋት የሚበላው 4090 ካርድ በኦክቶበር 2022 ሲወጣ ነው። በቀጣዩ ወር ኤንቪዲያ 50 ያህል የመቅለጥ አቤቱታዎች እንደደረሱት ገልጾ፣ ዋናው ምክንያት ተጠቃሚዎች ገመዱን እስከ መጨረሻው አለመሰካታቸው ነው አለ። የሃርድዌር ፈታሹ የዩቲዩብ ቻናል ጌመርስ ኔክሰስም በራሱ ምርመራ በደንብ ያልተሰካ ገመድና መሰኪያው ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ለችግሩ መንስኤ እንደሚሆኑ አሳየ። በ2023 ኮኔክተሩ 12ቪ–2×6 በሚል ስም ተሻሻለ፤ ገመዱ በደንብ ካልገባ ካርዱ ኃይል እንዳያገኝ የመለያ ፒኖቹ አጠሩ። በ2024 ደግሞ የገመድ አምራቹ ኬብልሞድ 25 ሺህ ያህል የዚሁ ኮኔክተር አዳፕተሮቹን ከገበያ ሰበሰበ።

ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ የሚጭነውን ማብራሪያ ግን አልቀበለውም። በማርች 2022 የወጣው 3090 ቲአይም 450 ዋት ይበላ ነበር፤ የሚጠቀመውም ይህንኑ የኮኔክተር ዓይነት ነበር። ልዩነቱ ሰርኪዩቱ ላይ ነው። 3090 ቲአይ ስድስቱን ፒኖች ጥንድ ጥንድ አድርጎ በሦስት መስመር ይለያቸዋል፣ የየመስመሩን ኤሌክትሪክ ይለካል፣ ሸክሙንም ያመጣጥናል። ከ4090 ጀምሮ ስድስቱም ካርዱ ላይ እንደገቡ ወደ አንድ መስመር ይቀላቀላሉ። ካርዱ የሚያውቀው ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ነው፤ አንዱ ሽቦ ሁሉንም ቢሸከም ለእሱ ለውጥ የለውም። በዩቲዩብ ቢልድዞይድ የሚባለው የሰርኪዩት ተንታኝ ይህንን ሰሌዳ በሰሌዳ አነጻጽሮ አሳይቷል። በ2022 የነበረ ጥበቃ ኃይሉ በጨመረበት ጊዜ ለምን እንደተነሳ የሚያሳምን መልስ አላገኘሁም። አሱስ በአስትራል ሞዴሉ ላይ የየፒኑን ኤሌክትሪክ የሚለካና የሚያስጠነቅቅ ሴንሰር ጨምሯል፤ ሸክሙን ግን አያመጣጥንም። በማርች 2025 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 9070 ኤክስቲ አብዛኞቹ ሞዴሎች በአሮጌው ባለ 8 ፒን ቀጥለዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ተጠቃሚው በእጁ ያለው መፍትሔ ፍጆታውን መቀነስ ነው። ቺፕ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍሪኩዌንሲው ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍሪኩዌንሲው ሳይነካ ቮልቴጁን ከ1.05 ወደ 0.95 ማውረድ ይህንን ፍጆታ በ18 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። አምራቾች ቮልቴጁን ከፍ አድርገው የሚልኩት ከአንድ ምርት የወጣው ደካማ ቺፕ እንኳ እንዳይሰናከል ብለው ስለሆነ፣ አብዛኛው ካርድ ከሚያስፈልገው በላይ እየበላ ይኖራል።

ቀላሉ መንገድ ፓወር ሊሚቱን፣ ማለትም ካርዱ እንዲበላ የሚፈቀድለትን ከፍተኛ ኃይል፣ ወደ 80 በመቶ ማውረድ ነው። 5090 ላይ ይህ 460 ዋት ማለት ነው፤ በገመዱ የሚያልፈውም ከ48 ወደ 38 አምፔር ይወርዳል። የጌሙ ፍጥነት የሚቀንሰው ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻዎቹ 100 ዋቶች የሚገዙት ጥቂት ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። የተሻለ ውጤት የሚፈልግ አንደርቮልቲንግ ይሠራል፦ የቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ ኩርባውን ከፍቶ አንድ ነጥብ ይመርጣል፣ ከዚያ በስተቀኝ ያለውን ሁሉ ጠፍጣፋ ያደርጋል። ሙከራው ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ጌም ለሰዓታት ያለ ችግር የሠራበት ቮልቴጅ ሬይ ትሬሲንግ ሲበራ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ሳይበርፐንክ 2077ን በሬይ ትሬሲንግ መጫወት ከብዙ የፈተና ፕሮግራሞች የበለጠ ይናገራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራበት ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በአብዛኛው የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሩሲያዊው አሌክሲ ኒኮላይቹክ ቀዳሚው ከሆነው የሪቫቱነር ፕሮግራም ዘመን ጀምሮ ሲገነባው ኖሯል። በጃንዋሪ 2023 በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ ከኤምኤስአይ የሚያገኘው ክፍያ ለወራት መቋረጡንና ፕሮጀክቱ ሊያከትም እንደሚችል ጻፈ። ኩባንያው ሥራው እንደሚቀጥል ገለጸ፤ ፕሮግራሙም ለ50ዎቹ (እንደ 5090 ላሉ) ካርዶች የሚሆን ስሪት ይዞ ወጣ። በዓለም ዙሪያ ያለ ጌመር ካርዱን የሚያስተካክልበት መሣሪያ በአንድ ሰው ትጋት ላይ መቆሙ ሊያሳስበን ይገባል። ለዚህ ሰው የሚገባውን ምስጋና በበቂ የሰጠነው አይመስለኝም።

የፍሬም ጣሪያ ማበጀትም የኃይል ጉዳይ ነው። ስክሪኑ 144 ኸርዝ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚሠራ ፍሬም ሁሉ በአብዛኛው ባዶ ሙቀት ነው። በ2021 የኒው ወርልድ ጌም ሙከራ ላይ ሜኑው ያለ ጣሪያ ፍሬም ሲያመርት አንዳንድ 3090 ካርዶች ሞቱ። የካርድ አምራቹ ኢቪጂኤ በራሱ ካርዶች ላይ ምክንያቱ የብየዳ ጉድለት መሆኑን አመነ፤ ጉድለቱን ገሃድ ያወጣው ግን ገደብ ያልተበጀለት ጭነት ነው።

ዲግሪ ስናነብ አንድ ቁጥር አይበቃም። የቺፑ አማካይ፣ ሆት ስፖት የሚባለው በጣም የጋለ ነጥቡና ሜሞሪው የተለያዩ ናቸው። 3090 ቺፑ በ70 ዲግሪ ተረጋግቶ ሳለ ጀርባው ላይ ያለው ሜሞሪ 110 ይደርስ ነበር፤ ብዙዎች የሙቀት ፓዱን ራሳቸው ቀየሩ። በ2022 መጨረሻ በኤኤምዲ 7900 ኤክስቲኤክስ ሪፈረንስ ካርዶች ላይ ሆት ስፖቱ 110 እየነካ ካርዱ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ኩባንያው በተወሰኑ ምርቶች ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የገባው ውሃ ማነሱን አመነ። ችግሩ የተደረሰበት በአማካዩና በሆት ስፖቱ መካከል በተፈጠረው ሰፊ ልዩነት ነው። ኤንቪዲያ በ50ዎቹ ካርዶች የሆት ስፖቱን ንባብ ከተጠቃሚው መሸሸጉ በዚህ የተነሳ የሚያሳዝን እርምጃ ነው፤ የደረቀ ቴርማል ፔስት ወይም ተንጋዶ የገጠመ ማቀዝቀዣ ሳይታወቅ እንዲቀር በር ይከፍታል።

ስለ ውሃ ማቀዝቀዣ፣ ስለ ቀለማም ፋኖችና ስለ ፔስት ዓይነቶች ብዙ ተጽፏል። ኬዙ ፊት ለፊት አየር ካላስገባ የትኛውም ብዙ አይረዳም። ከፔስቱ ወገን ፒቲኤም7950 የተባለው ሲሞቅ የሚለሰልስ የሃኒዌል ፓድ ለዓመታት ሳይደርቅ ስለሚቆይ ስሙ መነሳት አለበት።

አዲስ አበባ ላለ ሰው የሚጨመር ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ፣ በእኩል ሙቀት አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት ያንሳል፤ የሚያነሳው ሙቀትም እንዲሁ። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ይህንን በከፊል ያካክሳል። ከተማው ዝቅ ያለው ድሬዳዋ ደግሞ አየሩ ወፍራም፣ ክፍሉ ግን ሞቃት ነው፤ ኩባንያዎች በቀዘቀዘ ላብራቶሪ ያወጡትን ቁጥር ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ወገናችንም በቤቱ አያገኘውም። የክፍሉ ሙቀት አንድ ዲግሪ ሲጨምር የካርዱም አንድ ያህል ስለሚጨምር፣ በዩቲዩብ ከሚታይ ውጤት ጋር ማነጻጸር የፈለገ ሰው ከካርዱ ንባብ ላይ የክፍሉን ሙቀት ቀንሶ ልዩነቱን ይመልከት። ካርዱ ሲገዛ የነበረው ልዩነት ተመዝግቦ ከተቀመጠ፣ ከዓመት በኋላ በዚያው ጌም፣ በዚያው የፋን ፍጥነትና በዚያው ፓወር ሊሚት ሲለካ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሰፋ፣ በመጀመሪያ አቧራው ይጠረግ፤ ካልቀነሰም ፔስቱ ይቀየር።