ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሰው፦ ስለ ራኒንግ ባክ የሚባለውና እውነታው

በአሜሪካን ፉትቦል ኳሱን ከኳርተርባኩ (ማጥቃቱን ከሚመራው ተጫዋች) እጅ ተቀብሎ በተከላካዮች መሐል ሰንጥቆ ለማለፍ የሚታገለው ተጫዋች ራኒንግ ባክ ይባላል። ጨዋታውን እምብዛም የማይከታተል ሰው እንኳ ስለ እሱ ፍርድ አያጣም፦ ግዙፍ ነው፣ ሥራው መሮጥ ብቻ ነው፣ ከሀብቱ ብዛት ሦስት ትውልድ ያኖራል። የዲትሮይት ላየንሱን ባሪ ሳንደርስን ይዘን ብንመረምር ግን ከዚህ ውስጥ የሚቆመው ጥቂት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ግዙፍ ካልሆነ አይችልም»

የሳንደርስ ቁመት 1.73 ሜትር፣ ክብደቱ 92 ኪሎ ገደማ ነበር። የአሜሪካን ፉትቦል ትልቁን ሊግ፣ ኤን ኤፍ ኤልን፣ በተቀላቀለበት በ1989 1,470 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ሮጦ ከሊጉ ሯጮች ሁለተኛ ወጣ። አንደኛው በ1,480 ያርድ ክርስቲያን ኦኮዬ ነው፤ ናይጄሪያ ኤኑጉ ተወልዶ ያደገ፣ ዲስከስ ወርዋሪ ሆኖ አሜሪካ ለትምህርት የሄደ፣ 118 ኪሎ የሚመዝን ሰው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላቆማቸው የአንድ ሙያ ሰዎች አይመስሉም፤ የለያያቸው ግን አሥር ሜትር እንኳ የማይሞላ ርቀት ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ሳንደርስ ተመልሶ ገብቶ ክብሩን እንዲወስድ ቢጠየቅም አልፈልግም አለ። ቡድኑ እያሸነፈ ስለነበር አሥር ያርድ ለእሱ ምንም አልነበረም። አጭርነቱም ጉድለት ሳይሆን መሣሪያ ነበር፤ ከግዙፎቹ ጀርባ ይሰወራል፣ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ በድንገት ይታጠፋል፣ ለመያዝ የተዘረጋው እጅ ባዶውን ይቀራል።

«የሮጠው ያርድ ሁሉ የራሱ ነው»

እኔ ከሁሉ የባሰ የምለው ይህንን ስሕተት ነው። ከሯጩ ፊት አምስት ሰዎች አሉ፤ ኦፌንሲቭ ላይን ይባላሉ፤ ሥራቸው ተቃራኒን ገፍቶ ቀዳዳ መክፈት ነው። ስማቸውን የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ነው። የዴንቨር ብሮንኮስን ታሪክ ተመልከቱ። ቴረል ዴቪስ በ1995 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) 196ኛ ሆኖ የተመረጠ፣ ማንም ያልጠበቀው ልጅ ነበር። በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ። በቀጣዩ ዓመት ጉልበቱ ተጎዳና ኦላንዲስ ጌሪ ተተክቶ 1,159 ያርድ ሮጠ። በ2000 ደግሞ ማይክ አንደርሰን ገብቶ 1,487። ሯጩ ቢቀያየርም ያርዱ አልነጠፈም፤ ቀዳዳ የሚከፍተው መስመርና የሚከተለው ስልት አንድ ነበርና። ይህ ማለት ግን ማንም ቢገባ ይሆናል ማለት አይደለም። ዴቪስ ዛሬ በፕሮ ፉትቦል የክብር አዳራሽ ውስጥ ያለው በምክንያት ነው።

በሳንደርስ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ከመከፈቱ በፊት ሦስት ሰው ይጠብቀው ነበር። ወደ ኋላ እየሸሸ መንገድ ሲፈልግ የተያዘባቸው ሩጫዎች ብዙ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ በሙያ ዘመኑ በአንድ ሩጫ በአማካይ 5 ያርድ አግኝቷል። የዘመኑ ተፎካካሪ፣ የዳላስ ካውቦይሱ ኤሚት ስሚዝ፣ ከሊጉ ምርጥ መስመሮች በአንዱ ጀርባ እየሮጠ አማካዩ 4.2 ነበር። የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ግን ስሚዝ ነው። ሳንደርስ በአሥር ዓመት ውስጥ ያሸነፈው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አንድ ብቻ ነው።

«ሥራው መሮጥ ብቻ ነው»

አይደለም። ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲያመቻች የሚመጣበትን፣ ከራሱ የሚከብደውን ተከላካይ ደረቱን ሰጥቶ የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ ራኒንግ ባኩ ነው። ኳስም ይቀበላል፤ ራኒንግ ባኩ ማርሻል ፎክ በ1999 ሮጦ 1,381፣ ተቀብሎ 1,048 ያርድ አግኝቷል።

«ሄልሜቱ አንጎሉን ይጠብቀዋል»

ሄልሜት የራስ ቅል እንዳይሰበር ይከላከላል። እንቁላልን በጣሳ ውስጥ ብታናውጡት ጣሳው ምንም አይሆንም፤ አንጎልም በቅሉ ውስጥ እንዲሁ ይናወጣል። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የሟች የኤን ኤፍ ኤል ተጫዋቾች አንጎል በ110ዎቹ ሲቲኢ የተባለውን የአንጎል ሕመም አገኙ። ይህ ቁጥር ራሱ ሌላ ተረት ወልዷል፦ «ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ይታመማል» የሚል። አንጎሎቹን ለምርምር የሰጡት በአብዛኛው ተጫዋቹ በሕይወት ሳለ ምልክቱን ያዩበት ቤተሰቦች ስለሆኑ ቁጥሩ የሁሉንም ተጫዋች ዕጣ አይነግረንም። አደጋው ግን እውነት ነው።

«ሀብቱ አያልቅም»

የጥቂቶቹን ብቻ ብናይ እውነት ይመስላል። ከድራፍት የመጣ ወጣት የመጀመሪያው ውል አራት ዓመት ነው፤ ጉልበቱ ትኩስ የሚሆነው በዚያው ጊዜ፣ ክፍያው የሚያንሰውም በዚያው ጊዜ። ውሉ ሲያልቅ ክለቡ በአንድ ዓመት ውል በግድ እንዲያቆየው የሚያስችል ሕግ አለ። ሠላሳ ሲቃረብ ደግሞ አረጀ ይባላል። በሐምሌ 2023 የሊጉ ታዋቂ ራኒንግ ባኮች በኢንተርኔት ተሰብስበው ስለ ክፍያቸው የመከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

«ሳንደርስ ተጎድቶ ወይም በገንዘብ ተጣልቶ ወጣ»

በ1998 1,491 ያርድ የሮጠ ሰው ነው፤ እግሩ ደህና ነበር። በሐምሌ 1999፣ ልምምድ ሊጀመር ሲል፣ ማቆሙን ለትውልድ ከተማው ለዊቺታ ጋዜጣ በፋክስ አሳወቀ። የዋልተር ፔይተንን የሙያ ዘመን የ16,726 ያርድ ክብረ ወሰን ለመስተካከል 1,457 ያርድ ብቻ ይቀረው ነበር። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ መቆየቱ ይሻለው ነበር፤ ክለቡ የፊርማ ጉርሻውን እንዲመልስ ከስሶት ገላጋይ ዳኛው ፈረደበት። በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው ያሰለቸው ሽንፈቱና ክለቡ ለማሸነፍ ቁርጠኛ አለመሆኑ ነው።

ብዙ ደጋፊዎች ያኔ ከዳን ብለው ነበር። እኔ ግን ክለቡ ከዳው እላለሁ። ክብረ ወሰኑን በ2002 ኤሚት ስሚዝ ሰበረው፤ ሳንደርስ በ2004 የክብር አዳራሽ ገባ፣ በ2023 ደግሞ ያው ክለብ በስታዲየሙ ደጃፍ ሐውልት አቆመለት።