ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ማነው? የ12ኛ ክፍል ውጤት ስለ ሰፈራችን የሚነግረን ነገር

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ የምንሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነው። «የዘንድሮ ልጅ ሰነፈ»፣ «ስልክ ነው ያጠፋቸው»፣ «ትምህርት ድሮ ቀረ»። ወሬው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ተማሪው ላይ ነው። እስቲ ዛሬ ወሬውን ለጊዜው እናቆየውና ቁጥሮቹን ራሳቸውን እንጠይቅ። አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ምን ያህሉ የራሱ ጥረት ነው? ምን ያህሉስ የተወለደበት አካባቢና የቤተሰቡ ኑሮ?

የሚያስፈልገን ሒሳብ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ስለዚህ «እኔና ሒሳብ አንስማማም» ብላችሁ ገጹን እንዳትዘጉት!

መነሻ ቁጥሮች

እንደምታስታውሱት፣ ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ገብተው መፈተን ጀመሩ። በዚያው ዓመት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆነ። ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ። ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶ ያለፉት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ845,099 ተፈታኞች 27,267፣ ማለትም 3.2 በመቶ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እያደገ መጥቶ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ደርሷል።

ብዙ ሰው ልቡ የቀረው እነዚህ መቶኛዎች ላይ ነው። እኔን ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ አብሮ የተነገረውና ቶሎ የተረሳው ሌላ ቁጥር ነው፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዛት። በ2014 ዓ.ም. ከ2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ፤ 43 በመቶ ገደማ። በተቃራኒው በዚያው ዓመት ያስፈተኗቸውን ተማሪዎች በሙሉ ያሳለፉ 5 ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

«ያለፈው ሰው ራሱ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ትምህርት ቤት ባዶ እጁን ቢቀር ምን ይገርማል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንፈትሸው።

ዕጣ ብንጥልስ?

አንድ ሙከራ በሐሳባችን እንሥራ። የ2015ን 845,099 ተፈታኞች በሙሉ አንድ ትልቅ ሜዳ ላይ ሰብስበን፣ ጎበዙንም ሰነፉንም፣ ሀብታሙንም ድሃውንም ቀላቅለን፣ በዕጣ ለ3,106 ትምህርት ቤቶች አከፋፈልናቸው እንበል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአማካይ 272 ተማሪ ይደርሰዋል። ትምህርት ቤቱ ምንም ለውጥ የማያመጣ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ዜሮ ይቀር ነበር?

በዕጣ የተመረጠ አንድ ተማሪ የማለፍ ዕድሉ 3.2 በመቶ ነው፤ ስለዚህ የመውደቅ ዕድሉ 96.8 በመቶ፣ ወይም 0.968 ነው። ሁለት ተማሪዎች ሁለቱም የሚወድቁበት ዕድል 0.968 ሲባዛ በ0.968 ነው። 272ቱም እንዲወድቁ 0.968ን ለ272 ጊዜ በራሱ ማባዛት አለብን። ካልኩሌተራችሁን አውጡና ሞክሩት፤ መልሱ ከ7 ሺህ አንድ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከ3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ በአጋጣሚ ብቻ ዜሮ ይቀራል ብለን የምንጠብቀው አንድ እንኳን አይሞላም።

በእውኑ ዓለም ግን የቀሩት 1,328 ናቸው።

እርግጥ ነው ትምህርት ቤቶች እኩል መጠን የላቸውም። 30 ተማሪ ብቻ ያስፈተነ ትንሽ ትምህርት ቤት በአጋጣሚ ዜሮ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ 37 በመቶ ይደርሳል። ግን ልብ በሉ፤ በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንደዚያ ትንንሽ ቢሆኑ እንኳን ዜሮ የሚቀሩት 37 በመቶ ናቸው፣ በተግባር ያየነው ግን 43 በመቶ ነው። 100 ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤት ላይ ደግሞ ዕድሉ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። በየትኛውም መንገድ ብንሰላው «አጋጣሚ ነው» የሚለው ማብራሪያ አያዋጣም። ያለፉት ተማሪዎች በአገሪቱ ላይ እንደ ጨው አልተነሰነሱም፤ በተወሰኑ ቦታዎች ተከማችተዋል።

ይህ ማለት አንድን ተማሪ ምንም ሳታውቁት «የት ነው የምትማረው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ብቻ ስለ ዕድሉ ብዙ ትገምታላችሁ ማለት ነው። ጥረት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ያለ ጥረት የሚያልፍ የለም። ነገር ግን ስንፍና በዕጣ የሚከፋፈል ነገር ቢሆን ኖሮ በ1,328 ግቢዎች ውስጥ እንዲህ ተሰብስቦ አይገኝም ነበር።

ሦስቱ ወንፊቶች

ታዲያ ልዩነቱ የሚመጣው ከየት ነው? ፈተናውን እንደ አንድ ወንፊት ከማየት ይልቅ እህሉ በሦስት ወንፊት እንደሚያልፍ ብናስብ ይሻላል።

የመጀመሪያው ወንፊት ፈተናው ከመምጣቱ በፊት ያለው ነው፤ 12ኛ ክፍል መድረስ። ገጠር ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅርብ ቢገኝም ሁለተኛ ደረጃው ብዙ ጊዜ ያለው ወረዳው ከተማ ነው። ልጁ ወይ ረጅም መንገድ በእግሩ ይመላለሳል፣ ወይ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ በየሳምንቱ ከቤተሰቡ ስንቅ እየቋጠረ ይማራል። ኪራይ የሚከፍል ቤተሰብ ይቀጥላል፣ የማይችለው ያቋርጣል። ለሴት ልጅ ደግሞ በዚህ ላይ የቤት ሥራው፣ ውኃ መቅዳቱና ብቻዋን ቤት ተከራይታ የመኖር ስጋቱ ይደመራል። ይህ ወንፊት ያስቀራቸው ልጆች 845,099 በሚለው ቁጥር ውስጥ ጭራሽ የሉም። ስለዚህ 3.2 በመቶ ራሱ ከሁሉም ወጣት ሳይሆን ከብዙ ማጣራት ከተረፉት ላይ የተሰላ ነው።

ሁለተኛው ወንፊት ክፍል ውስጥ ያለው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ እስከዚያ ግን እንደየክልሉ ብዙው ልጅ ሲማር የቆየው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ሽግግሩን የሚያቃልለው ጎበዝ አስተማሪ፣ የራሱ መጽሐፍና ከቤት የሚያግዝ ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ በሚበዛበት የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ አስጠኚ ይቀጥርለታል። በሌላኛው ጫፍ ቤተ ሙከራ ሳያዩ ኬሚስትሪ የሚፈተኑ፣ መብራት በሌለበት ቤት የሚያጠኑ ልጆች አሉ። ትግራይ ውስጥ በኮቪድና በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ከሁለት ዓመት በላይ ተቋርጧል። የተዘጋ ትምህርት ቤት ላይ የልጁ ትጋት ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሦስተኛው ወንፊት የመቁረጫ ነጥቡ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ።

ትንሽ ልዩነት እንዴት ትልቅ ይሆናል?

ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ብቻ ናቸው። የ«ከተማው» ተማሪዎች አማካይ ውጤት 40፣ የ«ገጠሩ» 35 ነው። በሁለቱም ዘንድ ውጤቱ አማካዩ ዙሪያ ተከማችቶ ግራና ቀኝ እየሳሳ ይሄዳል፤ ያው የምናውቀው የደወል ቅርጽ ማለት ነው። የስርጭቱ ስፋትም እኩል፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 10 ነጥብ ይሁን። በአማካይ ያለው ልዩነት 5 ነጥብ ብቻ ነው፤ ብዙ የሚባል አይደለም።

አሁን መቁረጫ ነጥቡን 40 ላይ እናድርገው። ከ1,000 የከተማ ተማሪ 500 ያልፋሉ፣ ከ1,000 የገጠር ተማሪ 309። የከተማው ልጅ ዕድል 1.6 እጥፍ ነው። ነጥቡን ወደ 50 ከፍ ብናደርገውስ? 159 ለ67፤ ልዩነቱ 2.4 እጥፍ ሆነ። ወደ 60 ስንወጣ 23 ለ6 ይሆናል፤ አራት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው።

አያችሁ? የተማሪዎቹ እውቀት አልተለወጠም። የለወጥነው መስመሩን ብቻ ነው። መስመሩ ወደ ደወሉ ጠርዝ በተጠጋ ቁጥር ትንሿ የአማካይ ልዩነት እያበጠች ትሄዳለች። መስመሩ ላይ የሚያልፉት ከመቶ ሦስትና አራት ብቻ ሲሆኑ እኛ ያለነው ልክ እዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

ይህ ግን መስመሩን ዝቅ እናድርገው የሚል መልስ በራሱ አይሰጥም። መስመሩ ዝቅ ሲል የዕድል ልዩነቱ ይጠብባል፤ የ5 ነጥቡ የእውቀት ልዩነት ግን እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ይዞት ይገባል።

ጥንቃቄ፦ ሰፈሩ ነው ወይስ ቤተሰቡ?

አንድ ወጥመድ አለ። ጥሩ ውጤት ያመጣ ትምህርት ቤት ሁሉ ጥሩ ያስተምራል ማለት አይደለም። አንዳንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ገና ከመነሻው የሚቀበለው ምርጥ ተማሪዎችን ነው፤ አንዳንዱ የግል ትምህርት ቤት የሚቀበለው መክፈል የሚችለውን ነው። ልጆቹ ሌላ ቦታ ቢማሩም ያልፉ ይሆናል። ጥራጊ ያልገባበት ወፍጮ ዱቄቱ ነጭ ቢሆን ወፍጮውን ብቻ ማመስገን አይቻልም።

የትምህርት ቤቱን ድርሻ ከቤተሰቡ ድርሻ ለመለየት የሚጠቅመው ዘዴ፣ ልጁ ሲገባ የነበረውን ከሲወጣ ካለው ጋር ማነጻጸር ነው። በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ተቀራራቢ ውጤት የነበራቸውን የአንድ ክልል ልጆች ወስደን ከአራት ዓመት በኋላ የት እንደደረሱ ብናይ፣ የትኛው ትምህርት ቤት በእርግጥ እንደጨመረላቸው መናገር እንችላለን። ዜሮ ካሳለፉት መካከል እንኳን ተማሪውን ከ15 ወደ 35 ያሳደገ ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል። የእኛ የውጤት ዘገባ ግን ይህን ልፋት «ዜሮ» ብሎ ይመዘግበዋል።

ሌላው ወጥመድ ደግሞ ከአካባቢ አማካይ ተነስቶ በግለሰብ ላይ መፍረድ ነው። ከከተማ የመጣ ሁሉ ሀብታም አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለች የጉልት ነጋዴ ልጅና የባለ ፎቅ ልጅ በአንድ ከተማ ስም ይቆጠራሉ። አካባቢ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ስለ አንድ ልጅ ኑሮ ሙሉውን አይናገርም።

ምን ይደረግ?

አንድ ወጥ መስመር ያለ አድልዎ ይመስላል፤ ሁሉም እኩል ይለካል። ቀድሞ በአገራችን የመግቢያ ነጥቡ ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ይል ነበር። የ50 በመቶው ሕግ ሲመጣ ይህ አሠራር በዋናነት ወደ ሪሚዲያል ፕሮግራሙ ተሸጋገረ፤ 50 ያላመጡ ተማሪዎች ለወራት የማካካሻ ትምህርት ወስደው፣ ተፈትነው ሲያልፉ ይገባሉ። ሐሳቡ ከላይ ካየነው ሒሳብ ጋር ይሄዳል፤ በሩን መክፈት ብቻ ሳይሆን ክፍተቱንም ለመሙላት ይሞክራል። ጥያቄው አራት ዓመት ሙሉ የጎደለውን በወራት መሙላት ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት ሌላ መንገድ ሞክራለች። በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ ምርጥ 10 በመቶ ውስጥ የተመረቀ ተማሪ የግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲቀበሉት ተደረገ። ልጁ የሚወዳደረው ከመላው ግዛት ጋር ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በተመሳሳይ አስተማሪ ከተማሩት ጋር ነው። በኋላ ግን በዚህ መንገድ የሚገቡት እጅግ ስለበዙ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ኦስቲን ላለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገደብ ፈቀደለት።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። የ2015ን 27,267 ቦታዎች ከየትምህርት ቤቱ ምርጥ 3.2 በመቶ ለሚሆኑት ብንሰጥ፣ ለአማካዩ ትምህርት ቤት 9 ተማሪ ገደማ ይደርሰዋል፤ 1,328ቱም ከዜሮ ይወጡ ነበር ማለት ይቻላል። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ 55 ያመጣ ልጅ ጠንካራ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለተማረ ብቻ ይቀራል፣ 32 ያመጣው ይገባል፣ ዩኒቨርሲቲውም 32 ላመጣው ልጅ ከባድ ድጋፍ ማዘጋጀት አለበት። በመጨረሻው ዓመት ልጁን ደካማ ትምህርት ቤት የሚያዛውር ወላጅም አይጠፋም። ከሁሉም ወገን የሚጎዳ ሰው አለ። ምርጫው የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ የሚያደርገው የምንመርጠው ምን እንደሆነ በግልጽ ማሳየት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ውጤት ሲለቀቅ «ስንት በመቶ አለፈ?» ብላችሁ እንዳታቆሙ። «ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ስንት ናቸው? የትኞቹ ወረዳዎች ውስጥ ነው ያሉት? ከአምናዎቹ ስንቶቹ ዘንድሮም አሉበት?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ዜሮ ቢቀር ተማሪው ሰነፈ ማለት ይቻል ይሆናል። በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች እየገቡ ያው ዜሮ ከሆነ ግን የማይለወጠው ልጆቹ አይደሉም።