ውድ አዳፕተር የድምፅን ጥራት ያሻሽላልን?

በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት የድምፅ ክፍል አገልጋዮች ዘንድ አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። ከላፕቶፕ ወይም ከኪቦርድ የሚወጣው ድምፅ ጥራት ሲጎድለው “አዳፕተሩ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ውዱን እንግዛ” ይባላል። ገንዘቡ ከምእመናን መባ የሚወጣ ነውና ከመግዛት በፊት ነገሩን መመርመር ተገቢ ነው።

ዲጂታል ድምፅ በቁጥር የተቀመጠ ድምፅ ነው። በሲዲ ላይ ለምሳሌ ድምፁ በአንድ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ ልኬቱ በዜሮና በአንድ ይጻፋል። መሣሪያው ሲያነብ የሚለየው ቮልቱ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑን ብቻ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ጥቂት ቢዋዥቅም ዜሮው ዜሮ፣ አንዱም አንድ ሆኖ ይነበባል።

ቁጥሩ ወደ ድምፅ ሞገድ ከተለወጠ በኋላ ግን ነገሩ ይለያል። በዚህ ክፍል ከኃይል ምንጩ የሚመጣ ረብሻ ከድምፁ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። በደንብ የተሠሩ መሣሪያዎች ከአዳፕተሩ የተቀበሉትን ኤሌክትሪክ በውስጣቸው እንደገና የሚያጣሩት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ጤነኛ አዳፕተርን በውድ መተካት አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ የሚለይ ለውጥ አያመጣም። (ብዙ ብር ያወጣ ሰው ለውጥ የሰማ ቢመስለው ግን አይፈረድበትም!) የተበላሸ ወይም አምፔሩ የሚያንስ አዳፕተር ግን መቀየር አለበት። ሲቀየርም ቮልቱና የፕላስና የማይነሱ አቀማመጥ ከመሣሪያው ጋር ይመሳከር፤ ካልገጠመ ኪቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

ታዲያ በአዳራሹ የሚሰማው “እምምም” የሚል ድምፅ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከገመድ አዘረጋግ ነው። ላፕቶፑ መድረኩ አጠገብ፣ ሚክሰሩ ደግሞ ከኋላ በሌላ ሶኬት ተሰክተዋል እንበል። ሁለቱም ኧርዝ አላቸው፤ የድምፁ ገመድም ያገናኛቸዋል። በዚህ መንገድ በተፈጠረው ቀለበት ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነውና ያው በስፒከሩ ይጎረምሳል። ለመፈተሽ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ አሠሩት። ጉርምርምታው ከጠፋ ሁለቱን በአንድ ዲቫይደር መሰካት፣ ያ ካልበቃም ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ በመካከል ማስገባት ነው።

አንዳንዶች ጉርምርምታውን ለማጥፋት የኧርዙን ሽቦ ይቆርጣሉ። በእርግጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን መሣሪያው አንድ ቀን ቢበላሽ 220 ቮልቱ በብረቱ አልፎ ጊታር የያዘውን ወይም ማይክ የጨበጠውን ዘማሪ ሊገድል ይችላል። ይህ ፈጽሞ አይደረግ!

ለኃይል አቅርቦት የተመደበ ገንዘብ ካለ ለሚክሰሩ ዩፒኤስ ቢገዛበት ይሻላል። ዲጂታል ሚክሰር እንደ ኮምፒውተር ነው፤ መብራት ለአፍታ ብልጭ ቢል ይጠፋል፤ እስኪነሣም ስብከቱ ይቋረጣል። አምፕሊፋየሮቹን ግን በዚያው ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ብዙ ኃይል ስለሚስቡ አቅሙን ያልፉበታል።