የምግብ ሰዓት ኢንሱሊንና የደም ስኳር ማነስ

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ቀበሌዎች የሚኖሩ፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ከሚያጋጥሟቸው አደጋዎች አንዱ መርፌው ተወግቶ ምግቡ ሲዘገይ ወይም ሲያንስ የሚከሰተው የደም ስኳር ማነስ ነው።

ከምግብ በፊት የሚወሰደው ጥርት ያለው ኢንሱሊን ከተወጋ ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ መሥራት ይጀምራል፤ ምግቡም ከዚያ ሳይዘገይ መበላት ይኖርበታል። ደመናማው ኢንሱሊን ግን ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው መድኃኒቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ ስለሚበረታበት ምሳውን መዝለል አይችልም። ድብልቁ ኢንሱሊን የሁለቱንም ባሕርይ ይዟል።

የደም ስኳርን በይበልጥ ከፍ የሚያደርጉት እንጀራ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎና ድንችን የመሳሰሉ የካርቦሃይድሬት ምግቦች ናቸው። ሥጋ፣ ዕንቁላልና ጎመን የሚጨምሩት ጥቂት ነው። ስለዚህ ወጡን በልቶ እንጀራውን የተወ ሰው ቢጠግብም ለወሰደው ኢንሱሊን የሚበቃ ምግብ አልበላም።

ወደ ገበያ ረጅም ዳገት መውጣት፣ አጨዳና የመሳሰለው ከባድ ሥራ ስኳርን ከደም ይቀንሳል፤ ውጤቱም እስከ ሌሊት ሊቆይ ይችላል። በባዶ ሆድ ጠላ ወይም አረቄ መጠጣት ደግሞ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዳይለቅ ያግዳል። ለመጾም ያሰበ ታካሚ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ሊያማክር ይገባል።

የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ብርቱ ረሃብ፣ የዓይን ብዥታና የንግግር መዘባረቅ ሊታዩ ይችላሉ። ይህን ሁኔታ ስካር ነው ብሎ ማለፍ ውድ ጊዜ ያባክናል። መለኪያ ባይኖርም ምልክቶቹ እንደታዩ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ግማሽ ጠርሙስ ስኳር ያለው ለስላሳ መጠጥ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ማርም ይተካዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለውጥ ከሌለ ይደገማል፤ ሲሻለው እንጀራ ወይም ዳቦ ይመገባል። ቆሎ ጥሩ ስንቅ ቢሆንም ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ በመሆኑ ለዚህ ሰዓት አይሆንም። መንገደኛው ከቆሎው ጋር ስኳር በላስቲክ ቋጥሮ ይያዝ።

ራሱን የሳተ ሰው ሊያንቀው ስለሚችል በአፉ ምንም አይሰጠውም። በጎኑ አስተኝቶ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል፤ በዚያም ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል።

ስኳሩ አንድ ጊዜ የወረደበት ሰው ፈርቶ መርፌውን ሲተው ይታያል። ይህ ከማነሱ የማይተናነስ አደጋ አለው፤ በተለይ የዓይነት 1 ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ ደሙ በአጭር ጊዜ ውስጥ በአሲድ ተመርዞ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። መጠኑን ማስተካከል የጤና ባለሙያ ሥራ ነው።

ለዚህ አገልግሎት በቅድሚያ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ወይም ክትትል ወደሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል። ታካሚው የኢንሱሊን ብልቃጡንና መርፌውን፣ እንዲሁም ስኳሩ የወረደበትን ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የበላውንና የሠራውን ጽፎ ወይም አስጽፎ ይዞ ይቅረብ። መርፌው ለብልቃጡ የሚስማማ መሆኑም በዚያው ይታያል፤ ባለ 100 ዩኒት ኢንሱሊን በባለ 40 መርፌ ከተቀዳ ታካሚው የሚወስደው መጠን ከታዘዘለት ሁለት ጊዜ ተኩል ይበልጣል።