ወባ ተመልሳ መጣች፤ እኛስ የት ነበርን?



ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ጎብዬን አልፈን ሮቢት የደረስነው በጥቅምት ወር፣ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ዓይን በሚያስጎመጅበት ሰሞን ነበር። የዙህርን ሶላት ሰግደን በመስጊዱ ግቢ ጥላ ሥር አረፍ እንዳልን አንድ ወጣት ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ከግድግዳው ሥር ተኮራምቶ አየን። በዚያ በራያ የቀትር ፀሐይ! ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ ከመጤፍ አልቆጠሩትም፤ ንዳድ ናት፣ ሲመሽ ትለቀዋለች አሉን።

ወጣቱ ማሽላ ጠባቂ ነው። ሌሊቱን የሚያድረው ማሳው መካከል ከተሠራው ማማ ላይ ነው። የደም ምርመራ አድርጎ እንደሆነ ብንጠይቀው ፈገግ አለ። ንዳድን ለማወቅ ደም መስጠት ምን ያስፈልጋል? ደግሞም እህቱ ባለፈው ታማ ከተሰጣት ኪኒን የተረፈ ግማሽ እሽግ እናቱ አስቀምጣለታለች፤ ማታ ይውጠዋል። እህትየውስ ለምን ጨርሳ አልወሰደችም? በሁለተኛው ቀን ስለተሻላት ነዋ!

ይህን ግማሽ እሽግ ኪኒን ይዘን ነው ዛሬ ወደ እናንተ የመጣነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መግለጫ መሠረት ከታኅሣሥ ማብቂያ 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ከሕሙማኑ 18 በመቶ ያህሉ የአማራ ክልል ነዋሪዎች ነበሩ። ነገሩን አስደንጋጭ የሚያደርገው ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአውሮፓውያን 2019፣ ቁጥሩ ወደ 900,000 ወርዶ የነበረ መሆኑ ነው። ወባ ልትጠፋ ነው እየተባለ ዕቅድ ይነደፍላት ነበር። ሱብሃነላህ! ሊወጣ በር ላይ የደረሰ እንግዳ ተመልሶ ምድጃ ዳር እንደ መቀመጥ ነው።

ለራያ ቆላ ደግሞ ይህ ታሪክ የተለየ ትርጉም አለው። ብዙ ወጣቶቻችን የማያውቁት አንድ ነገር እንንገራችሁ። በአገራችን የተደራጀ የወባ መከላከል ሥራ ሲጀመር፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ዲዲቲ በየቤቱ የመርጨት ሙከራ ከተደረገባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሸለቆ ነበር። ሌሎቹ ደንቢያ፣ ጋምቤላና አዋሽ ሸለቆ ናቸው። በ1950 ክረምት ከወትሮው የበዛው ዝናብና ሙቀት ወባን ከቆላው አልፎ ወደ ወይና ደጋው ባወጣት ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ወዲያው በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፋት ድርጅት ተቋቋመ። እንግዲህ በኢትዮጵያ ከወባ ጋር የሚደረገው ትግል ገና ሲጠነሰስ ይህ ሸለቆ ነበረበት ማለት ነው። ዛሬ ግን እዚያው ሸለቆ ውስጥ አንድ ጎረምሳ በእህቱ ትራፊ ኪኒን ሊታከም ማታን ይጠብቃል።

ለምን ተመለሰች? ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የሚሰጠን ሰው ቢኖር አንሰማውም። ጦርነቱ በ2013 ክረምትና በ2014 ነሐሴ ቆቦን ሁለት ጊዜ ረግጧታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ ግጭቱ ቀጥሎ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ መድኃኒት የጫነ መኪና ሲቆምና ሲታገድ ኖሯል። ጤና ኬላው ባዶ በሆነበት ቦታ ሰውን ለምን አልታከምክም ማለት ግፍ ነው። ይህን ሳንናገር ወደ ቤተሰብ ጥፋት ብንዘል በወገኖቻችን ላይ ዳኛ እንሆናለን።

በዚህ ላይ የባሕር ማዶው ፖለቲካ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት ከ2008 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በወባ ፕሮግራሙ አማካይነት ለአጎበር፣ ለርጭትና ለመድኃኒት ለአገራችን ሲሰጥ ቆይቷል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ፤ በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንደተቋረጠ ተዘገበ፤ ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ዩኤስኤይድ የተባለው ድርጅት ራሱ ሥራውን አቆመ። እኛ በዚህ አንፎክርም፣ አናለቅስምም። ሰጪው እጁን ሲሰበስብ መውቀስ አይገባንም፤ የራሱ ገንዘብ ነው። የሚቆጨን ሌላ ነው። በእነዚያ ዓመታት በነጻ የታደለውን አጎበር ስንቶቻችን ለጭድ መሸፈኛና ለአጥር ማሰሪያ አዋልነው? አማና ማለት ወርቅ ብቻ ነው ያለን ማን ነው?

ወደ ሳይንሱ ስንመለስ፣ ስለ ወባ የምናውቀው ነገር አሮጌ እየሆነብን ነው። ወባ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለችም። በአገራችን በብዛት ያሉት ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም የምትባለው ቶሎ የምትገድለው ስትሆን መድኃኒቷ ኮአርተም ነው፤ ለሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጉርሻ በ8 ሰዓት ልዩነት፣ ቢቻል ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል። ቫይቫክስ የምትባለው ደግሞ ሌላ ተንኮል አላት። ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ጉበት ውስጥ ተደብቃ ትተኛና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለ ትንኝ ንክሻ እንደገና ትነሣለች። ንዳድ አንዴ የለመደችው ሰው አትለቀውም የሚለው የቆላ ሰው አባባል መሠረት የሌለው አይደለም። ለእርሷ ከክሎሮኪን በተጨማሪ ጉበት ውስጥ ያለችውን የሚያጠፋ ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት ለ14 ቀን ይሰጣል። ነፍሰ ጡርና ጨቅላ ሕፃን ግን አይወስዱትም፤ በዘር የሚወረስ የደም ጠባይ ያለባቸው ሰዎችም ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ስለሚችል ሽንት ከጠቆረ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል። እንግዲህ ፍረዱ! ደም ሳይመረመር የትኛዋ እንደያዘችን በምን እናውቃለን? የእህት ትራፊ ኪኒን የወንድምን ወባ የማያውቅ ቢሆንስ?

ከዚህም የባሰ አለ። ትኩሳት ስለተወ ብቻ ግማሹን ማስቀረት ማለት ደካማውን ተውሳክ ገድሎ ብርቱውን ማሳደግ ነው። የኮአርተም ዋነኛ ንጥረ ነገር ከሚገኝበት ቤተሰብ የሆነውን አርቴሚሲኒን ያገኙት ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከ4ኛው መቶ ዘመን የተረፈ የሕክምና መጽሐፍ አገላብጠው ከአንድ ተክል ያወጡት ሲሆን፣ ለዚህም በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። (ለዕውቀት የሚቆፍር ሰው የጥንት መጽሐፍን እንደማይንቅ የመድረሳ ተማሪዎቻችን ልብ ይበሉ።) ታዲያ ይህን መድኃኒት በከፊል የሚቋቋም ወባ በጎረቤታችን ኤርትራ፣ እንዲሁም በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በታንዛኒያ ተረጋግጧል።

ትንኟም ብትሆን ተለውጣለች። ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በኋላም በድሬዳዋ፣ ከወሎም በባቲ ታይታለች። በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ለተነሣው ወረርሽኝ ተጠያቂ ሆናለች። የእኛይቱ ትንኝ ክረምት ሲወጣ ያቆረ ውሃ ትፈልጋለች፤ ይህቺ ግን ከተሜ ናት፤ በበጋም ቢሆን በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ጉድጓድ ውስጥ ትራባለች። ይህን ሲያነቡ የመስጊዳችንን የውዱእ ሮቶ ያስታወሱ አንባቢያን አሉ ብለን እናምናለን። ክዳኑ አለ? ወይስ በነፋስ ተወስዶ ቀርቷል? ጦሃራችንን የምንጠብቅበት ውሃ ለጎረቤት ሕፃን በሽታ እንዲያፈልቅ መተው ለመስጊድ ኮሚቴ ቀላል ጉዳይ መሆን የለበትም።

ራያ ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣትን ከአባቶቹ የተማረ ሕዝብ ነው። አሁን ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው በሞተር እየተሳበ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ይመረትበታል። አልሐምዱሊላህ! ውሃን የሚጠላ ቆላ የለም። ግን በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በትግራይ በአነስተኛ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ሲያዙ ተገኝተዋል። ቦዩን የሚቆፍር ገበሬ የተረፈውን ውሃ የሚያፈስበትንም ቦይ አብሮ መቆፈር አለበት፤ ሽንኩርቱ ለገበያ ሲደርስ ልጁ አልጋ ላይ እንዳይሆንበት።

አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ስንላቸው ሁሉም በአላህ ቀደር ነው ይሉናል። እውነት ነው፤ እኛም እናምናለን። ግን ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ቦታ ደርሰው ወረርሽኝ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ሰዉን ይዘው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ነው የምትሸሸው? ብለው ሲሞግቷቸው ዑመር የእረኛ ምሳሌ አመጡ፤ አንዱ ወገን ለምለም ሌላው ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎችህን ብታሰማራ የትኛውንም ብትመርጥ በአላህ ቀደር አይደለምን? የሚል ፍሬ ያለው። ከዚያ በኋላ ነው አብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ያለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ማስተማራቸውን የነገሯቸው። አቡ ዑበይዳ ራሳቸው በዓምዋስ ወረርሽኝ በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ አልፈዋል፤ አላህ ይውደድላቸው። ሁለቱም ታላላቅ ሰሓቦች ናቸው፤ አንዳቸውም በእምነታቸው አልተጠረጠሩም። የራያ እረኛ ይህን ምሳሌ ከማንም በላይ ይረዳዋል ብለን እንገምታለን። ከብቱን ወደ ደረቁ ወገን ነድቶ ቀደር ነው አይልምና!

ከፊታችን በሚመጣው ረመዷንም የሚነሣ ነገር አለ። ወባ የያዘው ሰው ጾሜ እንዳይፈርስ ብሎ የቀኑን ኪኒን ወደ ኢፍጣር ሲገፋ እናያለን። በሽተኛ ማፍጠርና በኋላ ቀዳ ማውጣት የተፈቀደለት መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም፤ ግን ሲታመም ያፍርበታል። በተለይ እናቶች።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ከብዙ ማግባባት በኋላ ከጓደኛው ጋር ደግፈን ወደ ጤና ኬላው ወሰድነው። ሠራተኛዋ ጣቱን ወግታ ጥቂት ደቂቃ አስጠበቀችን። ቫይቫክስ ሆነች። እናቱ ያስቀመጠችለት ትራፊ ደግሞ ኮአርተም ነበር። የ14 ቀኑን መድኃኒት ቆጥራ ስትሰጠው ይህን ሁሉ? ብሎ ወደ እኛ ዞረ፤ እኛም ስልካችንን ሰጥተን ሲጨርስ እንዲደውልልን አደራ አልነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ደወለ። ኪኒኑን ጨርሷል፤ የማሽላው አጨዳም ተጀምሯል። አጎበሩን ማማው ላይ በአራት እንጨት ወጥሮት ነበር፤ የዞብል ነፋስ ግን ሁለት ሌሊት ገንጥሎ ጣለበት። በሦስተኛው ሌሊት ጠርዙን በድንጋይ አስሮ ከፍራሹ ሥር ከተተው። ከጎኑ ያለው ማማ ጠባቂ መጀመሪያ ሙሽራ ብሎ ሲስቅበት ሰንብቶ፣ አሁን አጎበር የት እንደሚገኝ ይጠይቀው ጀምሯል።