ስክሪኑን በጆሮ ማንበብ
ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ ስክሪኑ ግን ጨልሟል። ባለቤቱ ብርሃኑን ሆን ብሎ አጥፍቶታል፤ ለእርሱ አያስፈልገውምና። በአንድ ጆሮው ኢርፎን ሰክቷል፤ ከውስጡ የሚወጣውን የተጣደፈ ድምፅ ያልለመደ ሰው አንድ ቃል እንኳ አይለየውም። በሌላው ጆሮው መምህሩን ይሰማል። ዓይነ ስውር ተማሪ ማስታወሻ እየያዘ ነው።

ድምፁን የሚያሰማው ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም ነው። ከእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች አንዱ የሆነውን ኤንቪዲኤን እ.ኤ.አ. በ2006 መሥራት የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ነው። ከረን ዓይነ ስውር ነው፤ ብዙም ሳይቆይ አብሮት የሠራው ጄምስ ቴ እንዲሁ። የተዋወቁት በልጅነታቸው፣ በዓይነ ስውራን የሙዚቃ ካምፕ ነበር። ኤንቪዲኤ ሲጀመር ገበያ ላይ የነበሩት ስክሪን ሪደሮች ዋጋቸው ከኮምፒውተሩ ከራሱ ሊበልጥ ይችል ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ግን የእነርሱን በነጻ ሰጡ።

ፕሮግራሙ ፍላሽ ላይ ሆኖም ይሠራል። የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ቤተ መጻሕፍት ወይም ኢንተርኔት ካፌ ይሄዳል፤ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ምንም ሳይጭን ያሠራዋል። ከብልሃቶቹ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ኤንቪዲኤ ስክሪኑን እንደ ሥዕል አያየውም። የተከፈተውን ፕሮግራም «አሁን እዚህ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅና ያገኘውን መልስ ጽሑፍን ወደ ንግግር ለሚቀይረው ድምፅ ሰሪ ያቀብላል፦ ርዕስ፣ ሊንክ፣ ሠንጠረዥ። ድረ ገጽ ላይ የኤች (H) ቁልፍን ሲጫኑ ወደ ቀጣዩ ርዕስ፣ የኬ (K) ቁልፍን ሲጫኑ ወደ ቀጣዩ ሊንክ ይዘላል። ዓይን ገጹን ገረፍ አድርጎ የሚያገኘውን ጆሮ በዚህ መንገድ ያገኘዋል።

አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ ሰሪ አማርኛም ያነባል፤ ድምፁ ግን ብረት ብረት ይላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ደግሞ ይደናቀፋል። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የምንለው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? አድማጩ በልቡ እያረመ ይከተላል።

በልቡ ሊያርመው የማይችለው ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ በኮምፒውተር በአብዛኛው ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደላት ላይ የግዕዝን ቅርጽ በሚያለብሱ ፎንቶች ነበር። ለዓይን «ሰላም» የሚመስለው ቃል ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅ ነው፤ ተማሪው የሚሰማውም ያንኑ ዝብርቅ ነው። ስካን የተደረገ ሃንድአውት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ገጹ ፎቶ ስለሆነ አንዲት ፊደል የለበትም። ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ በደበዘዘ ቅጂ ላይ ግን ተቀራራቢ ቅርጽ ያላቸውን ፊደሎቻችንን ያምታታሉ።

ይህ ሁሉ ብሬልን አይተካም። ማዳመጥ የቃሉን ድምፅ እንጂ አጻጻፉን አያስተምርም፤ ሕፃን ልጅ ፊደልን በጣቱ ዳስሶ ማወቅ አለበት። ኤንቪዲኤ ራሱ የብሬል ማሳያ ሲሰካበት ጽሑፉን ብቅ ጥልቅ በሚሉ ነጥቦች ያወጣዋል። ማሳያው ግን ውድ ነው፤ የብዙው ተማሪ አቅም አይደርስበትም።

የሃንድአውቱ ችግር ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መምህሩ አንድ ፋይል አለው፤ ሃንድአውቱን ከማሳተሙ በፊት በዩኒኮድ የተየበው። ርዕሶቹን እንዲሁ ከማድመቅ ይልቅ በማይክሮሶፍት ወርድ የርዕስ ስታይል ቢያበጃቸው፣ ከሥዕሉም ሥር ምን እንደሚያሳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ፣ ከዚያም ስካኑን ትቶ ያንን ፋይል ቢልክ፣ የሚፈጅበት ጥቂት ደቂቃ ነው። ማታ ተማሪው ይከፍተዋል፤ ኤችን ይጫናል፤ ምዕራፍ ሁለት ላይ ያርፋል።