ሳንቲሙ ላይ ያለው አውሬ ከየት ተገኘ? ማንስ አገኘው?

በውጭ አገር የምትኖሩ ወዳጆቻችን ደጋግማችሁ የምትልኩልን አንድ ዓይነት ፎቶ አለ፤ ካፕሱል ውስጥ የተቀመጠ የሚያብረቀርቅ የብር ሳንቲም፣ ላዩ ላይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ አውሬ፣ ከሥሩ ደግሞ «ብገዛው ያዋጣኛል?» የሚል ጥያቄ። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹን ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ብሩን እንመዝን። የእንግሊዙ ሮያል ሚንት በ2020 እና በ2021 ለሰብሳቢዎች ያወጣቸው ባለ 50 ፔንስ የብር ሳንቲሞች ሰባት ጎን አላቸው፤ እያንዳንዳቸው 8 ግራም ይመዝናሉ፤ ከሺህ 925 እጃቸው ብር ነው። ንጹሑ ብር 7.4 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ብር ስለሆነ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ይዟል። በብርነቱ ብቻ ካየነው አንድ ማርትሬዛ ከሦስቱ ዘመናዊ ሳንቲሞች አያንስም። ሰብሳቢ ለአንዱ የሚከፍለው ዋጋ ግን ውስጡ ካለው ብር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሐሳባችሁ ብር ማከማቸት ከሆነ ጥፍጥፍ ብር ግዙ።

ከብሩ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ ለእጅ ሥራው ነው። ፕሩፍ የሚባለው ሳንቲም በተወለወለ ማተሚያ፣ በተወለወለ ብር ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመትቶ ይወጣል። ሜዳው መስታወት፣ ምስሉ ደግሞ ውርጭ የመታው የሚመስለው ለዚህ ነው። በጣት አይነካም፣ በጨርቅ አይወለወልም። ብር አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ እንደሚጠቁርም አትርሱ። የቀረው ገንዘብ የሚከፈለው ለታሪኩ ነው። እኔ ሳንቲም የምመርጠውም በዚህ ነው፤ የአንድን የታወቀ አጥንት ታሪክ ይነግረኛል? ወይስ ፊልም ላይ ያየሁትን አውሬ መልሶ ያሳየኛል?

በዚህ ሚዛን ካየናቸው ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው የ2021ዱ የሜሪ አኒንግ ስብስብ ነው። ሦስት ሳንቲሞች ናቸው፤ በሦስቱም ላይ ያሉትን እንስሳት ለዓለም ያሳወቁት አንዲት ሴት ያገኘቻቸው አጥንቶች ናቸው።

ሜሪ አኒንግ በ1799 በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ፣ ላይም ሪጂስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ አናጺ ነበር፤ ኑሮ ለመደጎም ከገደሉ ሥር ቅሪተ አካል እየለቀመ ለእንግዶች ይሸጥ ነበር። በ1810 ዕዳ ጥሎባቸው ሞተ። በዓመቱ ወንድሟ ጆሴፍ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው፣ ጥርሱ የተሰካካ የራስ ቅል አገኘ። የአካባቢው ሰው አዞ ነው አለ። በ1812 ሜሪ የቀረውን አካል ፈልጋ አገኘችው፤ ያኔ ገና ልጅ ነበረች። ቤተሰቡ አጥንቱን በ23 ፓውንድ ሸጠ፤ ከዚያ ለንደን ተወስዶ ለሕዝብ ታየ። የራስ ቅሉ ዛሬም እዚያው ለንደን፣ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አለ።

በመጀመሪያው ሳንቲም ላይ ያለው እንስሳ ይህ ነው፤ ቴምኖዶንቶሳውረስ። አዞም ዓሣም አልነበረም። ወደ ባሕር ተመልሶ የገባ፣ ቅርጹ ዶልፊን የመሰለ፣ አየር ለመተንፈስ ወደ ላይ የሚወጣ ተሳቢ እንስሳ ነበር። የእሱ ወገኖች እንቁላል አይጥሉም፤ ልጆቻቸውን በሕይወት ነበር የሚወልዱት። በጣም የሚገርመኝ ዓይኑ ነው፤ ስፋቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ዙሪያውን ቅርጹን የሚጠብቅ የአጥንት ቀለበት ነበረው። ይህን ያህል ትልቅ ዓይን የነበራቸው አከርካሪ ያላቸው እንስሳት ጥቂት ናቸው። ሳንቲሙን በእጃችሁ ካገኛችሁ መጀመሪያ ዓይኑን እዩ።

የሜሪ ሥራ በዋናነት የክረምት ሥራ ነበር። የላይም ሪጂስ ገደል የኖራ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ተራ በተራ የተነባበሩበት፣ ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የባሕር ወለል ነው። ማዕበል ሲመታው ይናዳል፤ ሲናድም አዲስ አጥንት ብቅ ይላል። ቶሎ ካልተሰበሰበ ባሕሩ ይወስደዋል። ስለዚህ መሄድ የነበረባት ገደሉ አስጊ በሆነበት ሰዓት ነው። በ1833 ናዳ አጠገቧ ወርዶ ሁልጊዜ የሚከተላትን ውሻዋን ትሬይን ገደለባት። እሷ ለጥቂት ተረፈች፤ ከዚያም በኋላ ሥራዋን አላቆመችም።

ሁለተኛው ሳንቲም ላይ ያለው ፕሊሲዮሳውረስ ነው። በ1823 መጨረሻ ላይ ሙሉ አፅሙን አገኘች። አንገቱ እጅግ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ እግሮቹ አራት መቅዘፊያዎች። በዘመኑ በዚህ ሙያ ከሁሉ የላቀ የሚባለው ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪየ ሥዕሉን አይቶ ተጠራጠረ። የአንገት አንጓዎቹ በዝተውበት የሁለት እንስሳት አጥንት ተገጣጥሞ ይሆናል አለ። ነገሩ ለሜሪ ቀላል አልነበረም፤ አጭበርባሪ ተብላ ስሟ ከጠፋ እንጀራዋ ይቀራል። በየካቲት 1824 ለንደን ውስጥ የጂኦሎጂ ማኅበሩ ተሰብስቦ አፅሙ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ፤ ኩቪየም ሐሳቡን ለወጠ። ስለ አፅሙ የተናገረው ዊልያም ኮኒቤር ግን የሜሪን ስም አላነሳም። እሷም አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት መቀበል የጀመረው በ1919 ነው፤ ሜሪ ከሞተች ከ72 ዓመት በኋላ።

ይህን ሳስብ ያናድደኛል። ገደሉን ያወቀችው፣ አጥንቱን ሳይሰበር ያወጣችው፣ ጠርጋ ያጸዳችው፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የለየችው እሷ ናት። ከትምህርት ቤት ያገኘችው ጥቂት ቢሆንም የምሁራንን ጽሑፍ በእጇ እየገለበጠች ታነብ ነበር። የአጥንቱን ሥራ ለመረዳት ዓሣ እየበለተች ትመረምር ነበር።

ሦስተኛው ዳይሞርፎዶን ነው፤ በ1828 ያገኘችው በራሪ ተሳቢ። የዚህ ወገን አጥንት እስከዚያ ድረስ የታወቀው ከጀርመን ብቻ ነበር። ክንፉን የሚሸከመው አንድ በጣም የረዘመ ጣት ነው። ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ትልቅ ነው፤ ፊት ያሉት ጥርሶቹ ረጃጅም፣ ኋላ ያሉት ጥቃቅን ናቸው።

ሻጮች ሦስቱንም «የዳይኖሰር ሳንቲም» ይሏቸዋል። አንዳቸውም ግን ዳይኖሰር አይደሉም። ሁለቱ የባሕር ተሳቢዎች ናቸው፤ ሦስተኛው የዳይኖሰር የቅርብ ዘመድ ነው።

ዳይኖሰሮቹ ያሉት አንድ ዓመት ቀድሞ በወጣው በ2020ው ስብስብ ነው፤ ሜጋሎሳውረስ፣ ኢጓኖዶንና ሃይሊዮሳውረስ። ሦስቱ የተመረጡት በ1842 ሪቻርድ ኦወን ዳይኖሰር የሚለውን ስም ሲያወጣ መነሻ ያደረጋቸው እነሱን ስለሆነ ነው። የሁለቱም ስብስቦች ሠዓሊ የጠፉ እንስሳትን መልሶ በመሳል የታወቀው ሮበርት ኒኮልስ ሲሆን የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም አብሮ ሠርቷል። ከሦስቱ ኢጓኖዶንን አስተውሉት። መጀመሪያ ሲገኝ አንድ ሹል አጥንት አብሮት ነበር፤ ተመራማሪዎቹም እንደ አውራሪስ አፍንጫው ላይ ተከሉት። በ1854 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ላይ የቆመው ሐውልት እስካሁን ያንን ቀንድ እንደያዘ ነው። በ1878 ቤልጅግ ውስጥ በርኒሳር በሚባል ቦታ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች 322 ሜትር ጥልቀት ላይ ብዙ ሙሉ አፅሞች አገኙ። ያኔ ሹሉ አጥንት የአውራ ጣቱ መሆኑ ታወቀ። በ2020ው ሳንቲም ላይ የአፍንጫ ቀንድ የለም።

ካናዳ ከዚህ የተለየ መንገድ ሄዳለች። ከ2007 ጀምሮ ባወጣቻቸው ባለ 4 ዶላር የብር ሳንቲሞች ላይ የሚታየው ሥጋ የለበሰ አውሬ ሳይሆን በድንጋይ ውስጥ ያለ አፅም ነው። ምስሉ ሆን ተብሎ እንዲጠቁር ስለተደረገ ሁለት ሳንቲሞች ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆኑም። ይህን በጣም እወደዋለሁ። ሠዓሊው ያልታወቀውን ቆዳና ቀለም መገመት አላስፈለገውም፤ የተገኘውን ብቻ አስቀመጠ።

ከቅርባችን ደግሞ የኤርትራ አለ። በ1993፣ ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት፣ በስሟ ለዓለም ሰብሳቢዎች ከወጡት ሳንቲሞች መካከል ትራይሴራቶፕስ ያለበት ይገኛል። የዋጋው ስም ዶላር ነው፤ ሕዝቡ በጊዜው የሚገበያየው በኢትዮጵያ ብር ሲሆን ናቅፋ የመጣው በ1997 ነው። ትራይሴራቶፕስም የኖረው በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ እንጂ በአፍሪካ አይደለም። ሳንቲሙ ለሰብሳቢ ብርቅ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስቀምጠውንም አልነቅፍም። ስለ ቀይ ባሕር ምድር የጥንት እንስሳት ግን የሚነግረን ነገር የለም።

ኢትዮጵያ በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባወጣቻቸው ሳንቲሞች ላይ የራሷን እንስሳት ነው ያሳየችው፤ ደጋ አጋዘን በብር፣ ዋልያ በወርቅ። የጠፉትንስ? ሉሲን ሁሉም ያውቃታል። እኔ ግን ብትጠይቁኝ ወደ ጭልጋ ነው የምወስዳችሁ።

ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ ጭልጋ ላይ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ምድር አለ። ያኔ አፍሪካና ዓረብ አንድ ላይ ሆነው ከቀረው ዓለም በባሕር ተለይተው ነበር። የዛሬዎቹ የአውራሪስና የድኩላ ዘሮች ገና አልገቡም፤ ደኑ የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶች ነበር። በ2003 ጆን ካፕልማንና ሙሉጌታ ፍስሐ ያሉበት ቡድን የጭልጋን ግኝት ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጣ። ከእንስሳቱ አንዱ አርሲኖይቴሪየም ነው፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ የአጥንት ቀንዶች ጎን ለጎን የቆሙለት፣ አውራሪስ ቢመስልም ዝምድናው ወደ ዝሆን የሚያደላ። ቀድሞ በደንብ የሚታወቀው ከግብፅ ፋዩም ነበር፤ ጭልጋ ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላም እንደኖረ አሳየች። ሌላው በ2004 በቦታው ስም ቺልጋቴሪየም ሃሪሲ ተብሎ ተሰየመ፤ ዳይኖቴር ከሚባሉት የዝሆን ዘመዶች እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊው ነው።

ለአንድ የብር ሳንቲም ከዚህ የተሻለ ምስል አላውቅም። ለፊት ገጽ አርሲኖይቴሪየም ይበቃል፤ ሁለቱ ቀንዶች በፕሩፍ ሲወጡ ይታዩኛል። ቺልጋቴሪየም የታወቀው ግን በጥርሶቹ ነው። ስለዚህ ገላውን በግምት ከመሳል የካናዳን መንገድ መርጦ መንጋጋ ጥርሱን እንዳለ ማተም ይሻላል፤ ከሥሩም «ጭልጋ» ብሎ በግዕዝ ፊደል መጻፍ።